ዜሮ የተጻፈበት ትኬት

ኽሚስ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የተጓዘው በጎኑ ነው። የትኬት ቆራጩ ወንበር በኋለኛው በር አጠገብ ወደ ተሳፋሪው ዞሮ የተተከለ ስለሆነ፣ ያን ሁሉ ዘመን ከማክታር ከተማ ተነስቶ ተራራውን ሲወጣና ሲወርድ ከፊቱ የሚመጣውን መንገድ አይቶት አያውቅም። መንገዱን የሚያየው ሹፌሩ ጅላኒ ነው። ኽሚስ የሚያየው ሰው ነው፤ ዝናብ የጠጣ ካባ፣ እግሯ የታሰረ ዶሮ፣ የሚያስል ሽማግሌ፣ እንቅልፉን ያልጨረሰ ተማሪ። አንገቱ ወደ ግራ መዞር ካቆመ ስድስት ዓመት አልፎታል። የጉልበቱን ነገርማ ባናነሳው ይሻላል። ያን መስከረም ጡረታ ለመውጣት አንድ ዓመት ከአራት ወር ቀርቶት ነበር። ሰው ሲጠይቀው "ማን ይቆጥራል?" ይላል እንጂ እያንዳንዷን ቀን ያውቃታል።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፣ በዚያው መስከረም ትእዛዝ መጣ። ዕድሜው ከሃያ በታች የሆነ ሁሉ በሕዝብ አውቶቡስ በነፃ ይሳፈር ተባለ። ለሙከራ ነው፤ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ይቆይና ታይቶ ይወሰናል። ተራራው ላይ ያሉት መንደሮች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታቸው ታች ማክታር ነው፤ ከመጨረሻው መንደር ሃያ ሁለት ኪሎ ሜትር ይርቃል። እስከዚያ ድረስ ልጁ ወይ ይከፍላል፣ ወይ በየጭነት መኪናው ላይ ይንጠለጠላል፣ ወይ ይቀራል። ብዙው ይቀር ነበር።

"መንግሥት በአንድ እጁ ሲሰጥህ፣ ሌላኛው እጁ የት እንዳለ ፈልግ" አለ ኽሚስ።

"አንተ ደግሞ!" አለ ጅላኒ። "ከኪስህ አይወጣ። ምን አስጨነቀህ?"

የአውቶቡስ ድርጅቱ ቅርንጫፍ ኃላፊ ሲ ላዝሃር፣ አቶ ላዝሃር እንደማለት ነው፣ ትኬት ቆራጮቹን ሁሉ ሰብስቦ አዲሱን አሠራር አስረዳ። ላዝሃርና ኽሚስ በአንድ ቀን የተቀጠሩ የድሮ ባልንጀሮች ናቸው፤ አንዱ ቢሮ ገባ፣ አንዱ በኋለኛው በር ቀረ። ላዝሃር በእጁ አረንጓዴ የትኬት ጥራዝ ይዞ ነበር። የዋጋው ቦታ ላይ ትልቅ ዜሮ ታትሞበታል።

"ለእያንዳንዱ ልጅ በቀን አንድ ትቆርጣላችሁ፣ ለደርሶ መልሱ" አለ። "ትኬቱ ለልጁ፣ ጉርዱ ጥራዙ ላይ ለእኛ ይቀራል። ከላይ ገንዘቡ የሚላከው በጉርዱ ልክ ነው። መስመሩ ይቀጥል አይቀጥል የሚባለውም በጉርዱ ነው። ጉርድ የሌለው ልጅ አልተሳፈረም ማለት ነው።" ይህችን የመጨረሻዋን ሁለት ጊዜ ደጋገማት።

ኽሚስ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ ሰው ነው፤ ከኋላ ተቀምጦ ጉልበቱን ዘርግቶ ነበር። አልሰማሁም ብሎ መማል አይችልም። ሰምቷል። ግን የደከመ ሰው ጆሮ እንደሚሰማው ሰማ፤ በአንዱ ገብቶ በሌላው ወጣ።

መጀመሪያው ቀን ስልሳ ሁለት ልጅ ተሳፈረ። ከዚያ በፊት ከሃያ ዘልቆ አያውቅም ነበር። የትና የት የቀሩ፣ ጢም ማብቀል የጀመሩ ልጆች ሁሉ ደብተራቸውን አንስተው መጡ። በየመንደሩ አውቶቡሱ ቆሞ፣ በኋለኛው በር እየተጋፉ ሲገቡ፣ ኽሚስ በቀዘቀዘ ጣቱ አንድ በአንድ ይቆርጣል። ቀን ይጽፍበታል። ይሰጣል። ማክታር ሲደርሱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ሆነ። የትምህርት ቤቱ በር ሁለት ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ያረፈደ ልጅ ከተቆጣጣሪው ቢሮ የመግቢያ ወረቀት ካላመጣ አይገባም፤ ወረቀቱ እስኪገኝ ደግሞ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያልቃል። ልጆቹ ከአጥሩ ሥር ተሰልፈው ዝናብ ሲመታቸው ኽሚስ በኋለኛው መስኮት አያቸው። በሁለተኛውም ቀን እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛውም።

በአራተኛው ቀን ጥራዙን አስቀመጠው።

"ግቡ! ግቡ! ወደ ፊት እለፉ! ምን ትጠብቃላችሁ፣ ሠርግ የተጠራችሁ መሰላችሁ?" አለ እጁን እያወናጨፈ።

"ትኬትስ፣ አሚ ኽሚስ?" አለ አንዱ፤ አሚ አጎቴ እንደማለት ነው።

"የምን ትኬት? ነፃ ተብሏል፣ ነፃ ነው!"

ሠላሳ አንድ ዓመት ትኬት ሲቆርጥ የኖረ ሰው ትኬት ማለት ለእሱ ገንዘብ ማለት ነው። የቆረጠውን ማታ ያስረክባል፣ የጎደለውን ከደመወዙ ይከፍላል። ገንዘብ የሌለበት ወረቀት ምንድን ነው? ቅጠል ነው። በቅጠል ምክንያት ልጅ በዝናብ ይቁም? እንዲህ ነበር ያሰበው፤ ክፋት አልነበረበትም። አውቶቡሱ ሁለት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ገባ፤ ልጆቹ እየሮጡ በሩን አለፉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አሚ ኽሚስ እያሉ ያሞግሱት ጀመር። አንዱ ሀሪሳ የሚባለው የበርበሬ ድልህ የተቀባ ዳቦ ያመጣለታል፣ አንዱ ማንዳሪን። አዲሶቹን አረንጓዴ ጥራዞች ከወንበሩ ጀርባ በሚንኳኳው መስኮት ስንጥቅ ውስጥ ወሸቃቸው። ከዚያ በኋላ ማጅራቱን ነፋስ አልመታውም።

አንዲት ልጅ ብቻ አልተመቸችውም።

ጉፍራን ትባላለች፤ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ከመጨረሻው መንደር የምትሳፈር፣ ሰማያዊ የተማሪ ጋዋኗ በክርኗ ላይ የተጣፈ። እሷ በሩ ላይ ትቆምና እጇን ትዘረጋለች።

"አሚ ኽሚስ፣ ትኬቴን።"

"ነፃ ነው አልኩሽ እኮ፣ ልጄ። ግቢ።"

"አባቴ ካላየ አያምንም።"

"ምኑን ነው የማያምነው?"

"ነፃ መሆኑን። 'ሰው ዝም ብሎ አይሰጥም፤ ይቆዩና ባንድ ጊዜ ክፈል ይሉኛል' ነው የሚለው። ዜሮዋን በየቀኑ ማየት አለበት።"

"በየቀኑ? ዛሬ ያያት ዜሮ ሌሊት ልትወልድ ነው እንዴ?"

ልጆቹ ሳቁ። ጉፍራንም ሳቀች፤ እጇን ግን አላጠፈችም። "እሱን እርስዎ ይንገሩልኝ" አለች።

ኽሚስ አጉረመረመ፣ ጥራዙን አወጣ፣ አንዷን ቆርጦ ቀን ጻፈባት። መንደሯ ቁልቁል ሲወረድ የመጀመሪያዋ ስለሆነች፣ እዚያ ደግሞ የሚሳፈሩት ጥቂት ስለሆኑ፣ ጊዜ አልፈጀበትም። በማግስቱም እጇን ዘረጋች። በሠልስቱም። አባቷ ቡጀምዓ ትኬቶቹን ቤቱ ግድግዳ ላይ ሚስማር መትቶ ይሰካቸው ነበር፤ አንድ ቀን መጥተው ቢጠይቁት ሊያሳያቸው። ቡጀምዓ የጥድ ፍሬ ለቃሚ ነው፤ እጁ በሙጫ ጠቁሮ በሳሙና አይለቅም። ሁለት ሴቶች ልጆች አሉት። ለዋና ከተማው ቤቶች የቤት ሠራተኛ የምትመለምል ደላላ በየወቅቱ ትመጣና ጉፍራንን ትጠይቀዋለች። ባለፈው ዓመት ልጅቱ በመሳፈሪያ እጦት ግማሽ ዓመት ቤት ስትውል፣ ነገሩ ሊያልቅ ጫፍ ደርሶ ነበር። ይህን ሁሉ ያወራችው ራሷ ናት፣ ከወንበሩ አጠገብ ያለችው ደረጃ ላይ ተቀምጣ።

"አባቴ ምን እንዳለኝ ያውቃሉ? 'መኪናው ነፃ እስከሆነ ተማሪ። ሳንቲም የጠየቁሽ ቀን ግን በቃ፣ ትሄጃለሽ' አለኝ።"

"አይጠይቁሽም" አለ ኽሚስ። "እኔ እዚህ እስካለሁ ማን ይጠይቅሻል?"

ሒሳብ ትወዳለች። አንድ ማለዳ መንገድ መሐንዲሶች ሦስት እግር ባለው መሣሪያ ተራራውን ሲለኩ አይታ፣ ከዚያ ወዲህ ሐሳቧ ሁሉ ልኬት ሆነ። የመጨረሻውን ፈተና አልፋ እሱን ልትማር ነው፤ አንድ ዓመት ተኩል ቀርቷታል። "እርስዎም እኔም እኩል ነው የቀረን" ትለዋለች።

"አሚ ኽሚስ፣ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ወደ ላይ ብቻ ስንት እንደወጡ ያውቃሉ? አስልቼዋለሁ።"

"ስንት?"

"ሰባት ሺህ ኪሎ ሜትር ያልፋል። ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ።"

"ለካ ለዚህ ነው ጉልበቴ! ታዲያ ለምን እዚሁ ማክታር ቀረሁ?"

"ወርደውታላ!"

ኽሚስ እንደዚያ ከሳቀ ቆይቶ ነበር። ከፊት ጅላኒ በመስተዋቱ እያየ "ምን አገኛችሁ እናንተ?" ብሎ ጮኸ። እውነት ለመናገር ኽሚስ ያን መኸር ማለዳ ሲነሳ የሚያስበው ስለ ጡረታው ብቻ አልነበረም።

በጥር ሁለተኛው ሳምንት ላዝሃር አስጠራው። ቢሮው ውስጥ ማሞቂያው ይጨሳል፤ ላዝሃር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ከአንድ ወረቀት ጋር ተፋጧል።

"ተቀመጥ፣ ኽሚስ። ይኼን አንብብልኝ። ዓይኔ ይሆን እንደሆነ።"

ኽሚስ አነበበ። መስመር ዘጠኝ፤ የመጀመሪያው የመለማመጃ ሳምንት ሳይቆጠር የትምህርት ቀን ሰባ አራት፤ የተቆረጠ አረንጓዴ ትኬት ሰባ አራት፤ በቀን ወጣት ተሳፋሪ አንድ።

"አንድ" አለ ላዝሃር። "ሌሎቹ መስመሮች አርባ፣ ሃምሳ አላቸው። ያንተ አንድ። እንግዲህ ከላይ ተወስኗል፤ ሌሎቹ ይቀጥላሉ፣ ያንተ መስመር ከየካቲት አንድ ጀምሮ ነፃው ይነሳል። ለአንድ ልጅ ብለው ገንዘብ አይልኩም።" መነጽሩን ወደ ዓይኑ አወረደ። "እውነት ነው? አንድ ልጅ ብቻ ነው የምትጭነው?"

ያን ጊዜ የኽሚስ ጆሮ ተከፈተ። ጉርድ የሌለው ልጅ አልተሳፈረም ማለት ነው። አሁን በደንብ ሰማው። ሌላም ነገር ሰማ፤ ይኼኛውን ከተቀጠረበት ቀን ጀምሮ ያውቀዋል፤ ተሳፋሪ ያለ ትኬት የጫነ ትኬት ቆራጭ በያንዳንዱ ሰው ይቀጣል። አንድ ሰው ቢሆን ተግሣጽ ነው። በቀን ስልሳ አንድ ልጅ፣ ሰባ አራት ቀን! ይኼ ቅጣት አይደለም፣ መባረር ነው። ጡረታ ለመውጣት አንድ ዓመት የቀረው ሰው ጡረታውን ይዞት የሚሄድ ስሕተት ነው።

"ብርድ ነው እኮ እላይ" አለ። ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለው። "ብዙዎቹ... ብዙዎቹ ትምህርት ትተዋል። ያሉትም በጭነት መኪና ነው የሚወርዱት።"

ላዝሃር ጥቂት አየውና "እንግዲያው ምን ይደረጋል" አለ፤ ወረቀቱን አጥፎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው።

ማታ ለሚስቱ ለሀዲያ ነገራት። እሷ የምታጥበውን ሰሃን ሳታስቀምጥ "ዝም አይነቅዝም" አለችው። "አንድ ዓመት ነው የቀረህ። አንድ ዓመት አፍህን ዝጋ።" ክፉ ሴት ሆና አይደለም። የኪራይ ቤት ነው የሚኖሩበት፣ የሱ ጉልበት ያ ነው፣ የሷም ወገብ ከዚያ የተሻለ አይደለም።

ዝም አለ። ከማግስቱ ጀምሮ ለሁሉም መቁረጥ ይችል ነበር፤ ያንንም አላደረገም። በጥር ባንዴ ስልሳ ጉርድ ቢታይ እስከ ታኅሣሥ በቀን አንድ የተባለው ውሸት መሆኑ ይወጣላ። ስለዚህ እንደ ወትሮው እጁን እያወናጨፈ ያስገባቸው ጀመር፤ ልጆቹም እንደ ወትሮው አሚ ኽሚስ፣ አሚ ኽሚስ እያሉ ያልፋሉ። ማንዳሪን የሚሰጠው ልጅ ማንዳሪን ሰጠው። ኽሚስ ኪሱ ከተታትና እዚያው በሰበሰች። ጉፍራን እጇን ስትዘረጋ ይቆርጥላታል፤ ዓይኗን ግን አያይም። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሄደ። ውሸቱን ከተናገረበት ቀን ይልቅ ያ ሦስት ሳምንት ከበደው፤ በየቀኑ አዲስ ይዋሻልና።

የካቲት አንድ ቀን በሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። የዚያን ቀን ከስልሳ ሁለቱ የተሳፈሩት አሥራ ዘጠኝ ነበሩ። የቀሩት በየመንደሩ ዳር ቆመው አውቶቡሱ ሲያልፍ ያያሉ፤ ድንጋይ የወረወረም አለ። በመጨረሻው መንደር ጉፍራን ጋዋኗን ለብሳ ከአባቷ ጋር ቆማ ነበር። ጅላኒ በሩን ከፈተ።

"ዜሮው አለ?" አለ ቡጀምዓ ከታች ሆኖ።

"ተነስቷል" አለ ኽሚስ። "ግን ትግባ። ግቢ ልጄ፣ ብርድ ነው።"

"ማን ከፍሎ?"

"በኔ ይሁን። ምን አለበት? በኔ ይሁን፣ ፈተናዋን እስክትጨርስ።"

ቡጀምዓ ኮፍያውን አውልቆ መልሶ አደረገው። "ሲ ኽሚስ፣ አከብርሃለሁ" አለ ቀስ ብሎ። "ግን ለአሥራ ሰባት ዓመት ሴት ልጅ ትኬት ቆራጩ በየቀኑ ይከፍልላታል ከተባለ፣ ይኼ መንደር ምን እንደሚል አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ። ያኛው ወረቀት የሁሉም ነበር። ያንተ ምጽዋት ነው።" ከዚያ ልጁን በትከሻዋ ይዞ ዞረ።

"እንሂድ ወይስ እንደር?" አለ ጅላኒ ከፊት። በሩ ተዘጋ።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ በገበያ ቀን፣ ሁለቱ እንደገና ቆመው ነበር። ጉፍራን ጋዋኗን አልለበሰችም። የሰፈር ሰው ለመንገድ የሚይዘውን ባለ መስመር ትልቅ የፕላስቲክ ዘንቢል ይዛለች። ቡጀምዓ ሳንቲሞቹን በጠቆረ መዳፉ ላይ ደርድሮ ነበር የመጣው። "ሁለት፣ እስከ ማክታር" አለ፤ ሄዶ ከፊት ተቀመጠ። ኽሚስ ሁለት ነጭ ትኬት ቆረጠ። ጉፍራን በለመደችው እጇን ዘረጋች፤ ተቀበለችና ዋጋውን አነበበችው።

እንደ ድሮው ደረጃዋ ላይ ተቀመጠች፣ ዘንቢሏን በጉልበቷ መሀል አድርጋ። 

"አሚ ኽሚስ" አለች ሦስተኛውን መንደር ሲያልፉ። "ልጅ ስለሌለ ነው የተነሳው ይላሉ። እውነት ነው?"

"ማን ነው ያለሽ?"

"ሁሉም ነው የሚለው። 'በመስመር ዘጠኝ በቀን አንድ ልጅ ነው የሚሳፈረው' ተብሎ ተጽፏል አሉ። እኛ ስልሳ ሁለት ነበርን እኮ። እኔ ቆጥሬያለሁ፤ የምሠራው ሳጣ እቆጥራለሁ። ማን ነው እንደዚያ የቆጠረው?"

ኽሚስ ወደ መስኮቱ ዞር ለማለት ፈለገ፤ አንገቱ አልዞር አለው። ጥራዞቹ እዚያው ስንጥቁ ውስጥ ነበሩ፣ ጠርዛቸው ከዝናቡ የተነሳ አብጦ። እሷም እነሱን ስታይ አየ።

"እኔ ነኝ" አለ።

"ምኑ?"

"የቆጠርኩት እኔ ነኝ። መቁጠሪያው ትኬቱ ነበር። የቆረጥኩት ላንቺ ብቻ ነው። አንዷ አንቺ ነሽ።"

ጉፍራን ነገሩን በልቧ ስታሰላው ታየው፤ ሒሳብ ስትሠራ ከንፈሯን ትነክሳለች። "ለምን?" አለች።

"ደወሉ እንዳያመልጣችሁ ብዬ።" ቀሪውንም አወጣው፤ ከጀመረ አይቀር። "በጥር ደግሞ ጠይቀውኝ ነበር። ፈራሁ። ጡረታዬን ፈራሁ፣ ዋሸሁ።"

  ነጯን ትኬት አራት ጊዜ አጠፈቻት፣ ዘረጋቻት፣ እንደገና አጠፈቻት። ማክታር ሲደርሱ ዘንቢሏን አንስታ በመካከለኛው በር ወረደች፤ ደላላዋ ጥቁር ቦርሳዋን አንግታ ከአደባባዩ ማዶ ትጠብቃታለች። ኽሚስ በኋለኛው መስኮት እስክትታጠፍ አያት። ከዚያ ወንበሩን ትቶ ተነሳ።

"ወዴት ነው? የመልሱ ጉዞ አለ እኮ!" አለ ጅላኒ።

"ቆመህ ጠብቀኝ።"

"ሰው ምን ልበለው?"

"ጉልበቱ ነው በለው።"

ላዝሃር ቢሮ ገብቶ ያበጡትን ጥራዞች ጠረጴዛው ላይ ዘረገፋቸው። ባዶ ወረቀት ጠየቀ፤ ቆሞ ጻፈ። ስልሳ አንድ ልጅ በየቀኑ ያለ ትኬት እንደጫነ፣ በጥር ተጠይቆ እንደዋሸ፣ ስሙን፣ ቀኑን። ላዝሃር እስከ መጨረሻው አነበበው።

"በጥር ለምን አልነገርከኝም?"

"ታባርረኛለህ ብዬ።"

"እኔ? አንተን?" ላዝሃር መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ጣለው። "ገንዘብ አልበላህ፣ ነፃ ትኬት ነው ያልቆረጥከው። አሥራ አምስት ቀን ደመወዝ ነው ቅጣቱ፣ አንተ ሞኝ! አሁንም አሥራ አምስት ቀን ነው፣ በጥርም አሥራ አምስት ቀን ነበር። በጥር ብትነግረኝ በማግስቱ ጽፌ ውሳኔውን አስቆመው ነበር። አሁን እንግዲህ ላይ ደርሶ እስኪመለስ ስንት ወር እንደሚፈጅ እግዜር ይወቅ።"

አሥራ አምስት ቀን። ኽሚስ ደረጃውን ሲወርድ ይቺን ቁጥር ብቻ ነበር የሚያስበው፤ አሥራ አምስት ቀን ደመወዝ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ ይባላል፤ ተረቱን የተረተው ሰው በአሥራ አምስት ቀን ደመወዝ ሰው አላጣም ይሆናል። ጉፍራንን በዚያች ዋጋ ነው የሸጣት። ለሰው ሞት አነሰው ቢሉት ያን ቀን አይቀየምም ነበር።

መልሱ የመጣው በሰኔ ነው፤ ትምህርት ቤት ተዘግቶ። ነፃው በመስከረም ይመለስ፣ ቆጠራውም እንደገና ይጀመር ተባለ። ኽሚስ ሲነግሩት "ደግ" አለ እንጂ አልፈነደቀም። ለጡረታው ሰባት ወር ነበር የቀረው።

"ሩብ ሰዓት ቀድመን ብንነሳስ?" አለው ለጅላኒ በመስከረም ዋዜማ። "ለሁሉም ቆርጬ በሰዓቱ እንድንደርስ።"

ጅላኒ ትከሻውን ነቀነቀ። "እንነሳ። አምና መቼ ጠየቅከኝና?"

ይኼንንም ዋጠው።

መጀመሪያው ቀን በመጨረሻው መንደር አንዲት ልጅ ብቻዋን ቆማ ነበር። አሥራ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። የለበሰችውን ሰማያዊ ጋዋን ኽሚስ ከክርኑ ጥፍ ለየው፤ እጅጌው ሁለት ጊዜ ተጠቅልሏል። የጉፍራን ታናሽ፣ ሪም ናት። ማክታር መማር የምትጀምረው ዘንድሮ ነው። በሩ ላይ ቆማ እጇን ዘረጋች።

"ትኬቴን።"

"አባትሽ አምጪ ብሎሽ ነው?" አለ ኽሚስ፤ ጥራዙን ከጉልበቱ ላይ አንስቶ።

"አይ። ጉፍራን ናት። ትናንት በስልክ።"

"ደህና ናት?"

"ደህና ናት። ሁለት ሕፃናት ትይዛለች።" ልጅቱ የታዘዘችውን እንዳትረሳ ቸኩላ ቀጠለች። "'ሳይቆርጡልሽ እንዳትገቢ' ብላኛለች።"

ኽሚስ ቀኑን ጻፈ፣ ቆረጠ፣ ሰጣት። ሪም ተቀበለች፤ ግን አልገባችም። በሩ ላይ እንደቆመች ጥራዙን ታያለች።

"ምነው? ግቢ እንጂ፣ ልጄ።"

"ጉርዱን" አለች። "'ጉርዱ መቅረቱን አይተሽ ግቢ' ብላኛለች።"

ከፊት ጅላኒ ጥሩንባውን ነካ አደረገው። ኽሚስ አንገቱ ስለማይዞር ከወገቡ ጎንበስ አለና ጥራዙን ወደ ልጅቱ አዘነበለላት። ሪም ተጠግታ የቀረችውን ቁራጭ አየች፣ ቁጥሯን ከትኬቷ ቁጥር ጋር አስተያየች፣ "እሺ" አለች፣ አልፋም ገባች።